ቀድመን የከፈልን ለምን ከኋላ ቀረን? ስለዘገየው የድምፅ መቅረጫና ስለ ወረፋው

ዜማ ለቃሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ኪክስታርተር ላይ (ገና ላልተመረተ ዕቃ ሰው አስቀድሞ ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ ነው) ለአንድ ትንሽ ኩባንያ ገንዘብ አዋጣሁ። ዕቃው በእጅ የሚያዝ የድምፅ መቅረጫ ነው። ሁለት ማይክ ይቀበላል፣ በባትሪ ይሠራል፣ በ32 ቢት ፍሎት ይቀርጻል። የሳበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ለማታውቁት፣ 32 ቢት ፍሎት ማለት ድምፁ በድንገት ቢጮህም ቅጂው አይበላሽም፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ዝቅ ታደርገዋለህ፤ በሹክሹክታ ከተጀመረም ከፍ ታደርገዋለህ። እኔ የምቀርጸው እዚህ አካባቢ ያሉ እናቶችንና አባቶችን ነው። የሠርግ ዘፈን፣ እንጉርጉሮ፣ ሙሾ፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ። እማማ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ዝቅ ብለው ይጀምሩና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቤቱን ያናውጡታል። በተራ መቅረጫ ያ ቦታ ሁሌም ይሰነጠቃል። ደግመው እንዲሉት ስትጠይቃቸው ደግሞ ያው አይሆንም።

ዘመቻው በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ነው የገባሁት። ቁጥሬ 312 ነው። መጨረሻ ላይ ወደ 4,000 ሰው ሆንን። በ9 ወር ይደርሳል ተብሎ ነበር፣ አሁን 22ኛ ወሩ ነው። መዘግየቱን ተቀብዬዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ቺፕ ጠፋ አሉ። ቦርዱ እንደገና ተሠራ አሉ። ፋብሪካው ለቻይና አዲስ ዓመት ተዘጋ አሉ። እሺ። አዲስ ነገር መሥራት ከባድ ነው።

ያልዋጥኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ባለፈው ወር «መላክ ጀምረናል፣ ቀድሞ የከፈለ ቀድሞ ያገኛል» ብለው ጻፉ። ደስ ብሎኝ ለሚስቴ ሁሉ ነገርኳት። በሳምንቱ ቁጥሩ 2,900 ምናምን የሆነ ሰው ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፎቶ ለጠፈ። ስህተት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ድረ ገጹ ላይ «አለን፣ ነገ እንልካለን» ብሎ በ399 ዶላር አወጣው። ከዚያ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገጽ ላይ አንድ ሰው ካርቶኑ ያልተከፈተ መቅረጫ በ450 አቀረበ። እኔ የከፈልኩት 249 ነው፣ ቀድመው ለገቡ ቅናሽ ተብሎ። ከኋላ የገቡት 329 ከፍለዋል። እና አሁን ውስጤን የሚበላኝ ምንድን ነው፣ ትንሽ የከፈልነውን ሆን ብለው ወደ ኋላ አደረጉን ወይ?

ጻፍኩላቸው። «ትዕዛዞች በዙር እየተላኩ ነው፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። ዙሩ በምን እንደተከፋፈለ ማንም አልነገረኝም።

ልቀርጻቸው ቀጠሮ ከያዝኩላቸው እናቶች አንዷ መስከረም ላይ አረፉ። በስልኬ የቀዳሁት 11 ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ። ይሄንን የማነሳው በእሳቸው ሞት ኩባንያውን ልወቅስ ብዬ አይደለም። ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ እንድታውቁልኝ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲዘገይ ፍትሐዊው ተራ የትኛው ነው? በቁጥር ነው? በአገር ነው? በከፈሉት ብር ነው? ደግሞስ ኩባንያውን ምን ብዬ ብጠይቀው ነው ቁርጡን የሚነግረኝ?

ብሩክ ቤዝ መለሰ፦

ወንድሜ ገንዘብህን አስመልስና ከመደብሩ ግዛው። በቃ። ነገ ይደርስሃል።

ዜማ ለቃሚ፦

አስቤው ነበር ብሩክ። ገንዘብ መመለስ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ መላክ ከተጀመረ ወዲህ አንመልስም አሉኝ። እና ከመደብሩ ብገዛው ምን ማለት ነው? እኔ ያዋጣሁት ብር ለፋብሪካው ቅድሚያ ክፍያ ሆነ፣ በዚያ ብር ዕቃው ተመረተ፣ አሁን ያንኑ ዕቃ በ399 እንደ አዲስ ልገዛው ነው። ኪክስታርተር ሱቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ራሱ ኪክስታርተር በ2012 «ሱቅ አይደለንም» ብሎ ጽፏል። አደጋ እንዳለው አውቄ ነው የገባሁት። ግን አደጋውን የተሸከምኩት እኔ ሆኜ ሳለ ምንም ያልተሸከመው ከመደብር አንስቶት ሲሄድ ዝም ማለት አቃተኝ።

የመጋዘኑ ልጅ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ) መለሰ፦

ወንድሜ፣ እኔ 8 ዓመት የሠራሁት መጋዘን ውስጥ ነው። የሌሎች ኩባንያዎችን ዕቃ ተቀብሎ ለደንበኞቻቸው አሽጎ የሚልክ መጋዘን። እንዲህ ያለ የመዋጮ ዕቃም ብዙ ጊዜ በእጄ አልፏል። ከውስጥ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

እኛ ጋ ቁጥር 312 የሚባል ነገር አይመጣም። የሚመጣው ፋይል ነው፤ ስም፣ አድራሻ፣ የዕቃው ኮድ፣ ብዛት። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ተቀብሎ ለሠራተኛው በሚቀለው መንገድ ይከፋፍለዋል። አንድ ዕቃ ብቻ ያዘዙ ሰዎች በአንድ ላይ ይወጣሉ፣ ምክንያቱም ካርቶኑ ከፓሌቱ (ብዙ ካርቶን ከሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ይነሳል፣ አድራሻ ይለጠፍበታል፣ አለቀ። በአንድ ፈረቃ ብዙ መቶ ይሄዳል። መቅረጫውን ከቦርሳ ጋር ያዘዘ፣ ወይ ተጨማሪ ገመድ የጨመረ ግን ሌላ ነው። ቦርሳው ካልደረሰ መቅረጫውም አይወጣም። ትዕዛዙ ጎዶሎ ተብሎ ይቆማል፣ እስኪሟላ ድረስ ማንም አይነካውም። እና ተጨማሪ ነገር የሚያዘው ብዙ ጊዜ ማነው? ቀድሞ የገባው ሰው ነው፣ ዕቃውን ከሁሉ በላይ የወደደው እሱ ስለሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የመጨረሻ ሲሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያውም ማንም ተንኮል ሳያስብ።

ቀለምም እንዲሁ ያደርጋል። ፔብል የሚባለውን የእጅ ሰዓት ታስታውሱታላችሁ? በፈረንጆቹ 2012 ኪክስታርተር ላይ ወደ 69 ሺ ሰው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጣለት። ጃንዋሪ 2013 መላክ ሲጀምር ያስቀደመው ጥቁሩን ነው። ሌላ ቀለም የመረጠ ሰው ቁጥሩ ምንም ቢሆን ቆየ። ሰው ቅር ቢለውም ምክንያቱን ያውቀው ነበር።

ባትሪም አለ። ሊቲየም ባትሪ ለብቻው ከሆነ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መልክ አይሄድም። ዕቃው ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ይፈቀዳል፣ ግን ደንብ አለው። ትርፍ ባትሪ ከጨመርክበት አስተሻሸጉም ምልክቱም ይለያል። እንዲህ ያለው ትዕዛዝ ለብቻው ይቀመጣል፣ ጊዜ ሲገኝ ነው የሚሠራው።

ይሄን ሁሉ ያልኩት ኩባንያውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ፋይሉን ወደ መጋዘን የሚልከው ኩባንያው ነው። ከመላኩ በፊት በቁጥር ደርድሮ የመጀመሪያዎቹን 500 ብቻ ሊሰጠን ይችላል። ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ መደርደር ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ሌላ ቀጣሪ ባይኖረኝ ኖሮ ራሴ በነጻ እደረድርላቸው ነበር። እኛ የተሰጠንን ነው የምናሽገው። ሳይደረድር ቀርቶ «ቀድሞ የከፈለ ቀድሞ ያገኛል» ካለ ያልሆነውን ነው የተናገረው።

የመደብሩ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ለመደብር የሚሄደው በፓሌት ነው። አንድ መኪና፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ ደረሰኝ። ያ በስህተት አይሆንም። ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበበትና የፈረመበት ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ከመቅረጫው ሌላ ያዘዝከው ነገር አለ?

ዜማ ለቃሚ፦

አለ። የቆዳ ቦርሳ፣ 18 ዶላር። መልስህን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። ለካ እስካሁን የምጠብቀው ቦርሳውን ሊሆን ይችላል። «ቦርሳው ቆይቶ ይምጣ፣ መቅረጫው ይላክልህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ የሁለተኛውን መላኪያ ራሴ እከፍል ነበር። ከዚያ በላይ ቦርሳውንም እተውላቸው ነበር።

ወለላ (ፍራንክፈርት) መለሰች፦

እኔም እዚያው ዘመቻ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል፣ የነገርከው ሁሉ አንድ ነው። ቁጥሬ 1,744።

ግን ከልቤ ልንገርህ፣ ቁጥር ላይ ያን ያህል እምነት የለኝም። ቁጥር ምንድን ነው? ዘመቻው በተከፈተበት ደቂቃ ስልኩ እጁ ላይ የነበረ ሰው ቁጥር 1 ሆነ። እኔ ያን ቀን ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ርካሹ አልቋል፣ 329 ከፈልኩ። አንተ ቀድመህ በመግባትህ 80 ዶላር ተቀንሶልሃል ወንድሜ። የቀደመ ሰው ዋጋ እሱ ነው፣ ተከፍሎሃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ዕቃውም ቀድሞ ይምጣልህ? ለክርክር ብዬ አይደለም፣ የምር ስለማልረዳው ነው የምጠይቅህ።

እዚህ አውሮፓ ያለነው ደግሞ ሌላ ወረፋ ላይ ነን። ከጁላይ 1 ቀን 2021 በፊት ዋጋው እስከ 22 ዩሮ የሆነ ዕቃ ያለ ቫት ይገባ ነበር፣ ያ ቀረ። አሁን ከውጭ የሚገባው ሁሉ ቫት አለበት፣ ጀርመን 19 በመቶ ነው። ዕቃው ከ150 ዩሮ ካለፈ ደግሞ ሻጩ ቫቱን አስቀድሞ ሰብስቦ የሚከፍልበት ቀላሉ መንገድ አይሠራም። ትንንሽ ኩባንያዎች ይሄን ወረቀት ስለሚፈሩት መጀመሪያ አሜሪካን ይጨርሳሉ። እኛ ሁልጊዜ «ቀጣዩ ዙር» ነን። ቁጥሬ 5 ቢሆን ኖሮም የምጠብቀው እዚሁ ነው። ታዲያ ቁጥሩ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?

እኔ ብጠየቅ እንደ ዕቁብ ይሁን እላለሁ። የከፈለ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይግባ። ዕጣው ሁሉም እያየ ይውጣ። ዝርዝሩ ይለጠፍ። የቸኮለ ሰው ካልቸኮለው ጋር ይቀያየር። እናቴ ስንት ዓመት ዕቁብ ስትጥል «ለምን ቀደሙኝ» ስትል ሰምቻት አላውቅም፣ ዕጣው ዓይኗ ሥር ነዋ የሚወጣው።

ዜማ ለቃሚ፦

የቅናሹን ነገር እውነትሽን ነው ወለላ። እንደዚያ አላየሁትም ነበር። 80 ዶላር ቀላል አይደለም።

ግን አንድ ነገር አለ። «ቀድሞ የከፈለ ቀድሞ ያገኛል» ያሉት እነሱ ናቸው፣ እኔ አልጠየቅኳቸውም። መጀመሪያውኑ «ዕጣ እናወጣለን» ቢሉ ወይም «አሜሪካ፣ ከዚያ አውሮፓ፣ ከዚያ ሌላው» ቢሉ አውቄው እቀመጥ ነበር። ደንቡን ነግረውኝ ሌላ ነገር ሲያደርጉ ነው ያመመኝ። ሰልፍ ላይ ቆመህ ተራ አስከባሪው ራሱ ሰው በጎን ሲያስገባ ስታየው የሚሰማህ ዓይነት ነው።

ጋሽ ጥገና (አዲስ አበባ) መለሱ፦

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ ቴፕ ሬከርደርና አምፕሊፋየር ስጠግን 34 ዓመቴ ነው። ፒያሳ ነበርን፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሌላ ቦታ ነን። ይሄን ገጽ ልጄ ነው ያሳየኝ።

ወለላ ልጄ፣ ዕቁብ ማለትሽ ደስ ብሎኛል፣ ግን ግማሹን ነው ያነሳሽው። እኔ የዕቁብ ዳኛ ሆኜ አውቃለሁ። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ለምን ይመስልሻል? ወስዶ መክፈሉን ቢያቆም የሚጎዱት መጨረሻ ላይ ያሉት ስለሆኑ ነው። ዕቁብ ሲፈርስ የበላው አያለቅስም፣ የሚያለቅሰው ገና ያልወጣለት ነው። ስለዚህ ተራ ሲባል የቀን ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ነገሩ ቢበላሽ ኪሳራው ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው ያ ተራ ነው።

ልጄ ሁለት ታሪክ አሳየኝ። ኦሲክ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2016 ድምፅ በዙሪያህ እንዳለ አድርጎ የሚያሰማ የጆሮ ማዳመጫ እሠራለሁ ብሎ ኪክስታርተር ላይ ከ10 ሺ በላይ ሰው 2.7 ሚሊዮን ዶላር አዋጣለት። ሜይ 2018 ተዘጋ። ለአዋጪዎቹ የደረሰው 80 ገደማ ማዳመጫ ነው። ከ10 ሺ ውስጥ 80! እዚያ ላይ ማን ቀደመ ማን ዘገየ ብላችሁ ተጨቃጨቁ እስቲ። ቀደመ የተባለው ዕቃ አገኘ፣ የቀረው ገንዘቡን አጣ።

ሌላው ኩለስት ኩለር ነው። ብሉቱዝ ስፒከር የተገጠመለት የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥን። በ2014 ከ62 ሺ በላይ ሰው ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጣለት። ማምረቻው ካሰቡት በላይ ወሰደና ብሩ አለቀ። አዋጪው ገና እየጠበቀ ሳለ ሳጥኑ አማዞን ላይ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ በሚገኘው ገቢ ለቀሪዎቹ እናመርታለን ነው ሐሳቡ። በ2016 ደግሞ ቶሎ የሚፈልግ 97 ዶላር ይጨምር አሉ። ዲሴምበር 2019 ሲዘጋ 20 ሺ ገደማ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። እነዚህን ሰዎች ተራችሁ ዘገየ ማለት ይቻላል? ተራቸው አልዘገየም፣ ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ ዜማ ለቃሚ ልጄ፣ ስለ መደብሩ የተሰማህ ንዴት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከንዴት ይልቅ ቁጥር ጠይቅ። ለመደብር መሸጥ ሁልጊዜ ክፋት ነው አልልም። ኩባንያው ብር አጥሮት በዚያ ሽያጭ ለእናንተ የሚያመርት ከሆነ ይናገር። ከአሥር መቅረጫ ስንቱ ለመደብር፣ ስንቱ ለአዋጪ? ይሄን የማይናገር ኩባንያ ካዝናው ውስጥ ስንት እንደቀረውም አይነግርህም።

መዘግየቱ ራሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ኦክቶበር 2020 ጃፓን ኖቤኦካ ላይ የአሳሂ ካሴይ ቺፕ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከሦስት ቀን በላይ ነደደ። ለድምፅ ዕቃ የሚሆነውን ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት አምራች ቦርዱን ቀዶ ለሌላ ኩባንያ ቺፕ እንደገና ሠርቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ዕቃው ተመርቶ ካለቀ በኋላ ማን ይቅደም የሚለው ግን የቺፕ ጉዳይ አይደለም።

ደግሞ ቀድሞ ማግኘት ሁሉ ዕድል እንዳይመስላችሁ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ብዙ የሚመጣው የመጀመሪያው ምርት ነው። ብየዳው ያልያዘ፣ ማብሪያው የሚላላ፣ ሶፍትዌሩ ያልበሰለ። ያ 2,900ኛው ሰው ምናልባት ለእናንተ እየፈተነላችሁ ነው።

ዜማ ለቃሚ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኪሳራው ያሉትን አላሰብኩትም ነበር። እኔ መቼ ይደርሰኛል ብዬ ነው የማስበው፣ ይደርሰኛል ወይ ብዬ አላውቅም።

ቤተል (አዲስ አበባ) ጻፈች፦

የእኔም ይጨመር። ቁጥሬ 640 ነው። ኩባንያው ወደ ኢትዮጵያ አልልክም ስላለ አክስቴ በካርዷ ከፈለችልኝ፣ አድራሻውም የእሷ ነው፣ ቨርጂኒያ። ዕቃው ሲዘገይ ሲዘገይ አክስቴ ቤት ቀየረች። አድራሻ ለማስተካከል ስጽፍ «ዝርዝሩ ተቆልፏል፣ በመጨረሻው ዙር እናየዋለን» አሉኝ። እነሱ ናቸው የዘገዩት፣ በእነሱ መዘግየት ምክንያት ነው አድራሻው የተቀየረው፣ ወደ ኋላ የተወረወርኩት ግን እኔ።

ደግሞ ከአክስቴ እኔ ጋ የሚመጣው በሰው እጅ ነው። ለገና የሚመጣ ሰው አለ። እሱ ካመለጠኝ ቀጣዩ ሰው ክረምት ላይ ነው። እነሱ አንድ ወር ሲያዘገዩ ለእኔ ስድስት ወር ነው። ቅድሚያ ስጡኝ አልልም፣ ሌላውም የራሱ ችግር አለበት። ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ፣ እኔ ሰው አፈላልጋለሁ።

ወለላዬ፣ ዕጣው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን እኛ እዚህ ዕጣ በኮምፒውተር ሲወጣ አይተናል። የ14ኛው ዙር ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወጥቶ፣ መረጃው ውስጥ መግባት የሌለባቸው ሰዎች ተገኙበት ተብሎ ተሰረዘ። 25 ሺ ቤት ነው የወጣው። ሰው በደስታ አልቅሶ ነበር። ስለዚህ ዕጣም ይሁን ቁጥር፣ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ይለጠፍ። በኋላ መለጠፉ ምንም አያደርግም።

ወለላ፦

ቤተልዬ ልክ ነሽ። እናቴ ጋ 30 ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ይተዋወቃሉ። 4,000 የማይተዋወቅ ሰው ሲሆን ዓይኔ ሥር ነው የወጣው ማለት አይቻልም። ዝርዝሩ ነው ዓይን የሚሆነው። ስም እንኳ ባይጻፍ ቁጥርና ዙር ብቻ ይበቃል።

የመጋዘኑ ልጅ፦

የቤተል ነገር በጣም ያሳዝናል፣ ግን የሚስተካከል ነው። አድራሻ የሚቆለፈው ፋይሉ ወደ እኛ ሲመጣ ነው። ያልተላከ ትዕዛዝ ሁልጊዜ ሊወጣና ሊስተካከል ይችላል። መጋዘኑ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ ትንሽ ክፍያ ስለሚጠይቅ ነው ኩባንያዎች የማይፈልጉት። ስትጽፊ «ክፍያ ካለው እከፍላለሁ፣ ተራዬ ግን 640 ላይ ይቆይልኝ» በይ። እንዲያ ሲጻፍላቸው እሺ ሲሉ አይቻለሁ።

ብሩክ ቤዝ፦

ቅድም ቶሎ ብዬ ነው የመለስኩት፣ ይቅርታ። የሁላችሁንም ሳነብ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ልጨምር፣ በኪክስታርተር ደንብ ገንዘቡን የሰበሰበው ሥራውን መጨረስ ካልቻለ ገንዘቡ በምን እንደወጣ ማሳየትና የቀረ ካለ ዕቃው ላልደረሳቸው መመለስ፣ ካልሆነም ሥራውን በሌላ መልክ ለመጨረስ እንዴት እንደሚያውለው ማስረዳት አለበት። ዕቃው ላልደረሳቸው ነው የሚለው። ስለዚህ ማን እንደደረሰው ማን እንዳልደረሰው የሚያሳይ ዝርዝር ሊኖራቸው ይገባል ማለት ነው። የላችሁም ወይ ብለህ ጠይቃቸው።

ዜማ ለቃሚ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሄን ጻፍኩ። ነገ በእንግሊዝኛ አድርጌ ዘመቻው ገጽ ላይ አወጣዋለሁ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

«እኛ ዕቃው ዛሬ ይምጣ አላልንም። 22 ወር ጠብቀናል፣ መጠበቅ እንችላለን። የምንጠይቀው ይሄን ነው። እስከ ዛሬ ስንት መቅረጫ ተመረተ? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለአዋጪዎች፣ ስንቱ ለመደብር ሄደ? ለመደብር የሄደው ለምን ቀደመ? ገቢው የእኛን ዕቃ ለማምረት ከሆነ እሱን ንገሩን፣ እንረዳለን። ዙሩ የተከፋፈለው በምንድን ነው? በቁጥር ከሆነ ለምን 2,900ኛው ከ312ኛው ቀደመ? በሌላ ነገር ከሆነ ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? ተጨማሪ ዕቃ ያዘዝን ሰዎች መቅረጫው ተለይቶ ይላክልን ወይ ብላችሁ ጠይቁን። አድራሻቸው በእናንተ መዘግየት ምክንያት የተቀየረባቸውን ወደ ኋላ አታድርጓቸው። ዙሩን በቁጥር ዘርዝራችሁ ከመላካችሁ በፊት ለጥፉልን።»

ቅናሽ የከፈልነውን ቅድሚያ ስጡን የሚል ነገር አልጻፍኩም። መጀመሪያ ጽፌው ነበር፣ ከወለላ መልስ በኋላ አወጣሁት።

ወለላ፦

አመሰግናለሁ። የአውሮፓው ዙር መቼ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምርበት። ቫቱን አስቀድመው ይሰበስባሉ ወይስ እኛ ጉምሩክ ላይ እንከፍላለን የሚለውንም። ቁጥሬንም ከሥር ጻፈው፣ 1,744።

ቤተል፦

640 ብለህ ጨምር።

ጋሽ ጥገና፦

ጥሩ ነው የጻፍከው። አሁን ያንን ቦርሳ ተወው፣ መቅረጫው ብቻ ይላክልኝ በላቸው። እኔ መርካቶ ቆዳ የሚሰፋ ወዳጅ አለኝ፣ እጁ ጥሩ ነው። የመቅረጫው ልክ ገጻቸው ላይ ተጽፎ ከሆነ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን ላክልኝ። የማይኩ ቀዳዳ በየት በኩል እንደሆነም ንገረኝ፣ እዚያ ጋ ክፍት እንዲተውለት። ለገናው የሚመጣው የቤተል ሰው ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል።